ሽቦ ምን ሞቶ ያውቃል?

የጋለ ቆርቆሮ ሽታ ከሸተተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ዓይኔ ወደ በር ይሄዳል። የሚመጣ ሰው ያለ ይመስለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ቤቴ በዚሁ ሽታ ታፍኖ ነው የሰነበተው። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ የምትማረው የልጅ ልጄ፣ ከጓደኛዋ ያገኘችውን አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ጠረጴዛዬ ላይ በጀርባው አስተኝታ ሆዱን ከፍታዋለች። ቀይ ሽቦ፣ ጥቁር ሽቦ፣ እንደ በግ አንጀት ተጎልጉሎ ወጥቷል። እሷ የጋለ ብረት ይዛ የሽቦውን ጫፍ በቀለጠ ቆርቆሮ ታጣብቃለች፤ ጭሱ እንደ ጧፍ ጭስ ቀጥኖ ይወጣል፤ ገመዱን ስትሰካው ጊታሩ እንደተቆጣ ንብ እምምም ይላል። ትነቅለዋለች። እንደገና ትፈታዋለች።

«አሁን ምን ጎድሎት ነው?» አልኳት።

«ምንም አልጎደለውም አባባ። ድምፁን ልቀይረው ነው።»

«ተይው» አልኳት። «ድምፅ አይነካም።»

ሳቀች። ሽማግሌ ስለ ጊታር ምን ያውቃል ብላ ነው። እውነቷን ነው፣ ስለ ጊታር አላውቅም። ግን እሷ ከመወለዷ፣ እናቷም ከመወለዷ በፊት፣ እኔም ገና ሙያውን ሳልማር ሊቅ ነኝ ብዬ በዚችው ሥራ ገብቼ ነበር። ልንገራችሁ። መሳቅም ትችላላችሁ፤ እስከ መሃሉ ድረስ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ፍኖተ ሰላም አልተባለችም፤ ወጀት ነበረች። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ፣ ከቡሬ ወደ ወጀት በእንጨት ላይ የስልክ ሽቦ ዘርግቶ ነበር። የኛ ቤት በሁለቱ መካከል፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ ብሳና የበዛበት ጋራ ሥር ነበረ። አባታችን ጠላት ሳይገባ ታሞ ሞቷል፤ ቤቱን ያቆሙት እናቴና ታላቅ ወንድሜ ናቸው። እኔማ ሚስት ለማግባት የደረስኩ፣ ሥራ ለመሥራት ግን ገና ያልደረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ።

ወንድሜ ክራር ይመታል። ክራሩንም ራሱ ነው የሠራው፤ ገበቴው ዋንዛ፣ ቆዳው የፍየል፣ ክሮቹ የበግ ጅማት። ድምፁ አይጮህም፤ ያጉተመተማል እንጂ። ጎንህ ተቀምጦ ምስጢር የሚነግርህ ሰው ድምፅ ነበረው። ቢሆንም ሲመሻሽ፣ ከብት ገብቶ አየሩ ጸጥ ሲል፣ ከደጃፋችን እየተሳበ ብሳናዎቹ ድረስ ይደርስ ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ ጫካ ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ክራሩን ለኔ ተወ። ለጨዋታ አልነበረም የተወልኝ። የጣሊያን ጠመንጃ የታጠቀ ያገራችን ባንዳ ከነጭፍሮቹ ሳይታሰብ እየመጣ፣ የአርበኛ ቤተሰብ ቤት እየገባ ያድር ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ሊሄድ ሲል እንዲህ አለኝ፦

«ሲመሻሽ ብሳናው ሥር መጥቼ አዳምጣለሁ። ቤቱ ሰላም ከሆነ ክራሬን ምታ። ዝም ካለ ሰው አለ ብዬ እመለሳለሁ።»

«ምን ልምታ ጋሸ?»

«ያቺን አንዷን ነዋ! ሌላ ታውቃለህ እንዴ?»

ሌላ ዜማ አላውቅም። እሷንም ቢሆን መሃል ላይ ስደርስ አንድ ቦታ ጣቴ ይደናቀፋል፤ አንዱን ክር ልነካ ጎረቤቱን እነካለሁ፤ አፍሬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ እንደገና እነሣለሁ። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ። ዓይነ ስውር እንኳ በየቀኑ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ያውቃል፤ የኔ ጣት ግን አይማርም። እናቴ «አንተ ስትመታ ላሚቱ ወተቷን ትደብቃለች» ትለኝ ነበር።

ሆኖም ሠራ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እመታለሁ፣ እደናቀፋለሁ፣ እመለሳለሁ። ጥቂት ቆይቶ ወንድሜ የርጥብ ቅጠልና የጠመንጃ ዘይት ሽታውን ይዞ በጓሮ በኩል ይገባል። የእናታችንን ጉልበት ስሞ ቀና ሳይል ይስቃል፦

«ዛሬም ያቺው ጉድጓድ ውስጥ ገባህ?»

እናቴም እጇን ካፏ ላይ አድርጋ አብራው ትስቃለች። በዚያ ዘመን በኛ ቤት ሳቅ የሚገባው ከሱ ጋር፣ የሚወጣውም ከሱ ጋር ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ክራሩ ታመመ። ጭስ፣ እርጥበትና አይጥ ተባብረው ጅማቱን አንድ ባንድ በሉት። ጅማት ከበግ ይገኛል፤ በጎቻችንን ግን ባንዳው ነድቶ ወስዷቸዋል፣ የጎረቤትንም ጭምር። ክራሩ ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ሁለት ክር ብቻ ቀርቶት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ልክ እንደ ዛሬው አፌ።

መልእክቱ የመጣው ያኔ ነው። ከሽንዲ ገበያ የተመለሰች ጎረቤታችን ጨው የምትሰጥ መስላ ገባችና ለናቴ በጆሮዋ ነገረቻት። ወንድሜ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞታል። ከስቷል። ዝናቡ ሲያባራ ለማገገም ወደ ቤት ይመጣል፤ ክራሩን ልስማ ብሏል።

እናቴ ገብስ ቆልታ ለአጥሚት አስፈጨች። ከምድጃው አጠገብ ያለውን መደብ በአዲስ ጭቃ መረገች፣ ድርቆሽ ጎዘጎዘች፣ ያላትን አንድ ቁርበት አነጠፈች። ከዚያ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች።

«ክራሩስ?» አለችኝ።

«ለኔ ተይው» አልኳት። እነዚህን ሁለት ቃላት እስከ ዛሬ ፈርቼ እኖራለሁ፤ ከኔ አፍ ወጥተው ደኅና ነገር አምጥተው አያውቁም።

ያሰብኩት ነገር ነበር። በክረምቱ መግቢያ ቡሬ ገበያ ወርጄ ሳለሁ፣ አንድ የጣሊያን ወታደር የምሽጉ ግንብ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ፣ ሆደ ክብ የሆነች የሽቦ ዕቃ ሲመታ ሰምቼ ነበር። ማንዶሊን እንደምትባል ያወቅሁት በኋላ ነው። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ ገበያውን ሰንጥቆ ከዳር ዳር ይሰማል። ልቤ ጠላት፣ ጆሮዬ ግን ወደዳት። ቆሜ ቀረሁ። ወታደሩ አይቶኝ ጠቀሰኝ። በንዴት ምራቄን ተፍቼ ሄድኩ፤ ግን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያቺን ድምፅ በአፍንጫዬ ሳዜም ራሴን አገኘሁት።

ሽቦ ደግሞ አልጠፋም። አርበኞች የስልኩን መስመር ቆርጠው ጥቅልሉን ገደል ወርውረውት ነበር። ወረድኩና ክንዴን የሚያህል ቆረጥኩ። የስልክ ሽቦ ይዞ የተገኘ ይሰቀል ነበርና በሱሪዬ ውስጥ ደብቄ እያነከስኩ ገባሁ። ላዩ የለበሰውን ጨርቅ በጥርሴ ላጥኩት፤ ውስጡ እንደ ሹሩባ የተገመዱ ቀጫጭን ክሮች ነበሩ። አንድ ባንድ ፈታታሁ።

እናቴ አየችኝና ደረቷን ያዘች። «አንተ! የምትሰቀልበትን ገመድ በጅህ ታከራለህ?»

«ጋሸ ቆላ ድረስ ነው የሚሰማው፤ አይዞሽ» አልኳት።

አሁን ሳቁ። ሽቦውን ሳከረው ብርኩማውን፣ ክሮቹ የሚያርፉባትን ያቺን ትንሽ እንጨት፣ እንደ ቢላ ሰንጥቆ ገባ። ከፍየል ቀንድ ሌላ ቀረጽኩ። ቀንዱ ሲችል ቆዳው አልቻለም፤ ቷ! ብሎ ተተረተረ። ቆዳ ላለብስ ገበቴውን ስፈታው ዋንዛው ለካ ከሥሩ ተሰንጥቋል። አዋቂ ቢሆን እዚህ ላይ ይተዋል። ጀማሪ ግን መፍታት እንጂ መተው አያውቅም። ወታደሮች ሰፍረውበት ከነበረ ሜዳ የጋሌጣ ብስኩት ጣሳ አነሣሁ፤ የማጭድ ጫፍ በእሳት አግዬ ሆዱን በሳሳሁት። ያ የጋለ ቆርቆሮ ሽታ ነው እስከ ዛሬ የሚከተለኝ። ጣሳውን ከቋሚዎቹ ጋር ጠፍሬ፣ ሽቦውን ዘርግቼ፣ ጣቴ ደም በደም ሆኖ ጨረስኩ። ከወንድሜ ክራር የቀሩት ሁለቱ ቋሚዎችና ቀንበሩ ብቻ ነበሩ።

መታሁት። ዶሮዎቹ ተበታተኑ።

የኔታ፣ የሰፈራችን የቅኔ መምህር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ይህ የምን ድምፅ ነው?»

«ክራር ነው የኔታ። የወንድሜ ክራር።»

ጠጋ ብለው ጣሳውን በጥፍራቸው ቆረቆሩት። «ወንድምህ ያውቀዋል?»

«ሲመጣ ያየዋል።»

«ጅማት ሞቶ ነው የሚዘምረው ልጄ» አሉ። «ሽቦ ምን ሞቶ ያውቃል?»

ቅኔ መስሎኝ «ይበል!» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

ዝናቡ አባራ። ኑጉ አበበ፣ ሜዳው ቢጫ ሆነ። ባንዳው ወደ ቡሬ ተጠርቶ ሄዶ ነበርና ቤቱ ሰላም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ አጥሚቱን ጣደች፤ የገብሱ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ያቺን አንዷን ጀመርኩ። ድምፁ እንደ ሰይፍ ወጣ። ጋራው መልሶ አስተጋባው። መሃል ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ተደናቀፍኩ፣ ተመለስኩ። በጓሮ በኩል ኮቴ የለም። ምናልባት ሕመሙ ጆሮውን ይዞት ይሆናል ብዬ አብልጬ መታሁት። ጣቴ ተቆርጦ ደሜ ጣሳው ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔ እመታለሁ። እናቴ ከውስጥ «በርታ፣ በርታ ልጄ፣ ይስማ» ትለኛለች።

አጥሚቱ ቀዘቀዘ። አሞቀችው። ቀዘቀዘ።

በማግስቱም መታሁ። በማግስቱ ማግስትም። መደቡ ላይ የተነጠፈው ቁርበት ሳይተኛበት ሰነበተ፤ ድመቷ ልትወጣበት ስትል እናቴ ታባርራት ነበር። ከዚያ መርዶ መጣ። ወንድሜ ከወንበርማ በታች ቆላ ውስጥ በንዳድ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። በግልጽ አልተለቀሰለትም፤ የአርበኛ እናት ያኔ ጮኻ አታለቅስም። እናቴ እንጨት ለቀማ እያለች ጋራው ላይ ትወጣ ነበር።

የቀረውን የሰማነው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። የወንድሜ የጫካ ጓደኛ ጠጉሩን እንዳጎፈረ እናቴን ሊጠይቅ መጣ። ገና ሲገባ እኔን አየና በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ አለህ እንዴ?» አለኝ።

«የት ልሄድ?»

መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ለናቴ ነገራት።

«ብሳናው ሥር ነበርን እሜቴ። እኔ ነኝ ደግፌ ያመጣሁት። ስናዳምጥ የሽቦ ዕቃ ሰማን። ‹ይህ የጣሊያን ነው፣ ቤታችን ገብተዋል› አለ። ልንመለስ ስንል ደግሞ የሚመታው ሰው ተደናቀፈ። ክንዴን ያዘኝ። ‹እጁ የወንድሜ ነው› አለ፤ ‹ድምፁ ግን የጣሊያን ነው። ይዘውታል። እኔን ለመጥራት በገዛ ዕቃቸው እያስመቱት ነው።› ያን ጊዜ ድምፁ በረታ። ‹እየመቱ ነው የሚያስመቱት!› ብሎ ጠመንጃውን አነሣ፤ ሊወርድ። መቆም እንኳ አይችልም ነበር። ጎትቼ መለስኩት። ቆላ እስክንወርድ ‹ልጁን ጥዬው፣ ልጁን ጥዬው› ይል ነበር።»

ክራሩ በላዩ ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው ቀና ብሎ ጣሳውን አየ፤ አሁንም የጋሌጣው ጽሕፈት አለበት። ሁላችንም አየነው።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ስትፈታና ስትቋጥር ቆየች። የኔ ዓይን ግን ከመሬት አልተነቀለም።

«ልጄ ሲደናቀፍ» አለች መጨረሻ ላይ፣ «እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ሳቀ?»

ሰውየው አሰበ። ሊዋሽላት የፈለገ አልመሰለኝም።

«አዎን እሜቴ» አለ። «መጀመሪያ ሳቀ።»

«ተመስገን» አለች።

ከዚያ ተነሥታ ገብስ ልትቆላ ገባች።

ያንን ክራር ከዚያ በኋላ አልመታሁትም። እናቴም አውርደው አላለችኝም፣ ጣለውም አላለችኝም። ሽቦው በእርሷ ዕድሜም በኔም ዕድሜ አልተበጠሰም። የኔታ እውነታቸውን ነበር።

ትናንት አመሻሽ ላይ የልጅ ልጄ የጊታሩን ሆድ ሰፍታ ጨረሰች። ሰካችው፤ ንቡ ዝም አለ። አንዴ ገረፍ ስታደርገው ድምፁ ግድግዳውን ሰንጥቆ ወጣ።

«አባባ፣ አንድ ዜማ ንገረኝ። ያንተን ዘመን።»

አንድ ብቻ ነው የማውቀው አልኳት። በዚህ በተሰበረ ጉሮሮ አንጎራጎርኩላት። ጎበዝ ናት፤ ወዲያው ያዘችው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ውሃ አፈሰሰችው።

«አይደለም» አልኳት።

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

«እዚህ፣ መሃሉ ላይ። አንዱን ክር ልትነኪ ጎረቤቱን ንኪ። ከዚያ ተመለሽ።»

«ስሕተት ይሆናላ አባባ!»

«ይሁን» አልኳት። «እዚያ ላይ ነው የምንታወቀው።»

ግራ ገብቷት አየችኝና ጀመረች። ደጁ ለዓይን ያዝ አድርጓል። መሃሉ ላይ ደረሰች። ተደናቀፈች።

ቀና ብዬ ወደ በር አየሁ።