በማዳበሪያ የጠቀለልኩት ስለት

ነገሩ እንዳላማረ ያወቅኩት፣ ቡላ ኮት የለበሰው ሽበታም ሰውዬ ሚኒባሱ ውስጥ ከአጠገባችን ተነስቶ ወደ ኋላ ወንበር ሲዛወር ነው። ያለ ምክንያት ማን ወንበር ይቀይራል? ስልኩን አወጣና አፉን በእጁ ከልሎ፣ «ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አዎ፣ ከአዘዞ ነው የተሳፈሩት» አለ። ሰው በሚታገትበት መንገድ ይሄን የሰማች እናት ምን ትሁን? የልጄን እጅ ጨበጥኩ።

ጠዋት፣ ከአዘዞ

የወጣነው ለስለት ነው። ልጄ ትርንጎ አምና ታማ፣ አትተርፍም ተብላ ሳለ፣ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ላለችው ለትውልድ ደብሬ ለማርያም ጥላ ተሳልኩ። ዳነችልኝ። ጥላውን አራዳ አሰፋሁት፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ። በእኛ አገር ስለት ተገልጦ፣ በእልልታ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ሰው «ገንዘብ አላት» እንዳይለኝ በማዳበሪያ ጠቅልዬ በሲባጎ አሰርኩት። ጎረቤቶቼ «መንገዱ ሸጋ አይደለም፣ ቅሪ» ብለውኝ ነበር። ብቀርስ? እመቤቴ ልጄን መልሳ ብትወስድብኝስ? የምጾመውም የምሰግደውም እንዲሁ እየፈራሁ ነው።

መንገድ ላይ

ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ ማንም አልተከራከረም። ግራና ቀኝ ማሽላው ቆሟል፤ ሰው ቢደበቅበት አይታይም። ረዳቱ ማዳበሪያውን ደጋግሞ አየና ለሾፌሩ በጆሮው ነገረው። እሱም ከሰውዬው ጋር ነው አልኩ በልቤ። ትርንጎ የበቆሎ እሸቷን ትግጣለች።

«እማ፣ ምነው እጄን ሰበርሽው?»

«ዝም በይ። ፊትሽን በነጠላሽ ሸፈን አድርጊ።»

«ስለቱን ባናደርስ እመቤታችን ምን ታደርገን ነበር?»

«ትቀማኛለች።»

«ሰጥታ የምትቀማ ናት?» ብላ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

ኬላው

ትክል ድንጋይ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። አንድ ሚሊሻ በሩን ከፈተና በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«እናት፣ እሱን ረጅሙን ፍቺው።»

«ስለት ነው።»

«ስለት ተደብቆ ይሄዳል? ፍቺው።»

ሲባጎው አልፈታ አለኝ። ትርንጎ በጥርሷ በጠሰችውና ወርዳ ጥላውን ዘረጋችው። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ባለ ቡላ ኮቱ ሰውዬ ራሳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«እኔ እኮ ጠመንጃ መስሎኝ ነው። ለወንድሜ ደውዬ፣ ለኬላው ንገር ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አያ፣ እኔም አጋች መስለውኝ ነበር።»

«እኔ? ዶሮ ማረድ የምፈራውን? በይ አምጪው፣ ዳገቱን እኔ ልያዝልሽ።»

ዳገቱ

ከሚኒባሱ ወርደን፣ ሰውዬው ጥላውን በትርንጎ ራስ ላይ ዘርግተው የደብሩን ዳገት ወጡ። እኔ ከኋላ ከኋላ እግራቸውን አያለሁ፤ ምን ፈልገው ይሆን?

«አያ፣ እርስዎም ስለት አለብዎ?»

«የለብኝም። ደስ ብሎኝ ነው።»

አላመንኳቸውም። ደብሩ ደርሰው፣ ጸበል ጠጥተው፣ ተሰናብተውን ወረዱ።

ቄሱ ጥላውን ተቀብለው ሲባርኩን «ተገላገልኩ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ። እንዲህ የሚለው ታጋች ያስለቀቀ ሰው ነው። ለካ እግዚአብሔርንም እናቱንም እንደ አጋች ኖሯል የማያቸው፤ ጾሜም ስግደቴም የልጄ ማስለቀቂያ ነበር።

ማታ፣ ቤት

አዘዞ ቤታችን ገብተናል። ደህና ነን። በሩንም ቆልፌያለሁ፤ መንገዱን ዛሬም አላምነውም። ለከርሞ ስለት የለብኝም። እሄዳለሁ ግን።