የጣሳ ዓሣና የአሜሪካ ኳስ

ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ውስጥ የገባሁ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ስኳር መቋጠር ነበር። ትልቁን ኬሻ ቀድዶ፣ በኩባያ እየሰፈሩ በትንንሽ ፌስታል ማሰር ነው። ከባለሱቆቹ አንዱ፣ ሙደሲር፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንዱን አስሮ አሳየኝ። «እማማ፣ አየሩን ያስወጡት። አየር ያለበት ፌስታል ሙሉ ይመስላል፤ ደንበኛው ቤቱ ሲደርስ ግን ይሰድበናል» አለኝ። እኔ ሆሳዕና ገበያ ቅቤና በርበሬ ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ መቋጠር ማን ያስተምረኛል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ግን እውነቱን ነበር።

ሱቅ ልትሠሩ ለመጣችሁ ልጆች ነው የምነግራችሁ። እዚህ ስፓዛ ይሉታል። ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም። መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ከታች እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው። ዳቦው፣ ሻማው፣ የስልክ ካርዱ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። እንቁላል አንድ አንድ ይሸጣል። ዳቦ ለሁለት ይቆረጣል።

ሥራው ሁለት ቦታ ነበረው። የልጄ ባል ኤርሚያስ እቃ አምጪ ነው፤ ጠዋት በታክሲ ከተማ ይወርድና ጄፒ በሚባለው ሰፈር ካሉት ጅምላ ሻጮች ገዝቶ፣ ጭኖ ይመለሳል። ሙደሲር መስኮት ያዥ ነው። ሱቁ የሁለቱ ነው፣ እኩል። ኤርሚያስ የእኛው ሀዲያ፣ ጴንጤ ነው፤ ሙደሲር ስልጤ፣ ሙስሊም። የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ እኛ ቤት አማርኛ ለሁላችንም የተዋስነው ቋንቋ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ትልቅ ሴት ሆኜ ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ነው። ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁልኝ። ምሳ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነበር። በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ሁለቱ ሱቁን ሲከፍቱ ሥጋ እዚህ ቤት አይገባም ተባባሉ። የጣሳ ዓሣ አገኙ። ዓሣ አራጅ የለው። ከመደርደሪያ አወርድና በሽንኩርትና በቃሪያ አሞቀዋለሁ፤ ፓፕ በሚሉት በዚህ አገር የበቆሎ ገንፎ እንበላዋለን። እንዲህ ስንት ዓመት በላን። «እማማ፣ ቅርፊት ልናበቅል ነው» ይለኛል ኤርሚያስ። ይላል እንጂ ትሪው ሲቀርብ ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ነው።

ኮሮና መጣ። መንገዱ ጭር አለ። የምግብ ሱቅ ፈቃድ ካለው ይከፈት ስለተባለ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጠፍን። ሙደሲር ደንበኞች ተራርቀው እንዲቆሙ ደጁ ላይ በኖራ ክብ ክብ ሠራ። ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ሲመጣ ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ። በኋላ በእጃቸው ለየኋቸው፤ በቀዳዳዋ የሚገባው እጅ ነውና። «ጎጎ፣ እንዴት አወቅሽኝ?» ትለኛለች አንዷ። ጎጎ አያት ማለት ነው። በቀለበቷ ነዋ።

ኳስም ቆመ። የስፖርት ጣቢያው የሚያሳየው ቢያጣ የድሮ ጨዋታ ይደጋግም ጀመር። የእንግሊዙን ኤርሚያስና ሙደሲር ከነውጤቱ በቃላቸው ያውቁታል፤ ምን ደስታ አለው? የአሜሪካውን ግን፣ ያን በእጅ የሚያዘውን፣ ሄልሜት የሚደረግበትን፣ ማን እንዳሸነፈ አያውቁም። የአርባ ዓመቱ ጨዋታ ለእነሱ የዛሬ ነበር።

እኔም ስኳሬን እየቋጠርኩ አያለሁ። ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ከዚያ ክብ ሠርተው ይመካከራሉ። እንደገና ይወድቃሉ፣ እንደገና ይመካከራሉ።

«ከጨዋታው ስብሰባው በዛ። ዕድር ነው እንዴ?» አልኩ።

«ዕድር ላይ እኮ የሚወድቅ የለም፣ እማማ» አለ ሙደሲር።

«የእኛን ዕድር አታውቀውም» አልኩት።

ሕጉን ያስተማራቸው ጎረቤታችን ባባ ሲቦ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ይህን ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ ይከታተላል። ዳቦ ሊገዛ ይመጣና ከኖራው ክብ ሳይወጣ ክርክር ይከፍታል። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ካለፉት ሁሉ የሚበልጠው የውድድር ዘመን የቱ ነው?

ባባ ሲቦ በፈረንጅ አቆጣጠር የሰባዎቹን ይላል። ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ዋንጫው አንድም ያልተሸነፈ ቡድን ነበር። «ዜሮ ሽንፈት። ከዜሮ የሚያንስ ካላችሁ አምጡ።» ሙደሲር የሰማንያዎቹን ይዟል። የእሱ ቡድን አንዴ ተሸንፏል፤ ተከላካዮቹ ግን ግድግዳ ነበሩ፤ ወደ ዋንጫው ሲጠጉ ሁለት ተጋጣሚ በተከታታይ ያለ አንድ ነጥብ ሸኝተዋል። ኤርሚያስ ደግሞ የቅርቡን። ነጥብ እንደ ክረምት ዝናብ ያዘነበ፣ ያገኘውን ሁሉ አሸንፎ አሸንፎ የመጨረሻዋን የዋንጫ ጨዋታ ብቻ የተሸነፈ።

«የመጨረሻውን ተሸንፎ ምኑ ነው ታላቅ?» ይለዋል ሙደሲር።

«ሙሽራው ቢወድቅ ድግሱ አልተበላም?» ይመልሳል ኤርሚያስ።

ሰልፈኛውም ጎራ ለየ። ወተት ሊገዛ የመጣው ሁሉ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ከማይ ፍሬንድ ጋር ነኝ» ይላል። ማይ ፍሬንድ ማለት መስኮቱ ላይ ያለው ባለሱቅ ነው፤ ሎኬሽን በሚሉት በዚህ ሰፈር ሌላ ስም የለንም። እውነት ለመናገር በዚያ ክፉ ጊዜ ደጃችን ላይ ሳቅ ነበር።

አንድ ቀን ኤርሚያስ ከጄፒ ደክሞ ገባ። በየኬላው እያስቆሙ ወረቀት ሲጠይቁት ነበር የዋለው። ሙደሲር መስኮቱ ላይ ሆኖ ስለ ግድግዳዎቹ ለአንዲት ደንበኛ ያወራል። ኤርሚያስ ካርቶኑን ከትከሻው አወረደና «መቆምማ ማንም ይቆማል። ጨዋታ የሚያሸንፈው ሮጦ የሚያመጣ ነው» አለ።

ሙደሲር የሴትየዋን ሻማ በቀዳዳዋ አሳለፈላት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

በማግሥቱ ሙደሲር ሥጋ አስመጣ። ሃላል ሥጋ በወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ አጠገብ ተቀመጠ። ኤርሚያስ ፍሪጁን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋ። ሥጋ መግባቱ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ትሪው ተለየ ማለት ነው።

ከሰዓት ሙደሲር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ያን ስኳር መቋጠር ያሳየኝ ቀን የተቀመጠባት በርጩማ ላይ።

«እማማ፣ መንገድ ሲከፈት ጻካኔ ሰፈር ሱቅ ያለው ዘመዴ ጋ እሄዳለሁ። እቃውን ስንካፈል እርስዎ ይቁሙልን። ሌላ ሽማግሌ አልፈልግም።»

«በኳስ ነው?»

«በኳስ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሱቁ በአንድ ሰው አይያዝም። ጄፒ የወረደ ሰው መስኮት አይዝም፤ መስኮት የያዘ ጄፒ አይወርድም። ሙደሲር ከሄደ ሱቁ ይዘጋል፤ የልጄ ቤት የሚተዳደረው ደግሞ በዚያ ሱቅ ነው። ሙደሲርም ባለሱቅ የነበረው ሰው የዘመዱ ተቀጣሪ ይሆናል።

«እቆማለሁ» አልኩት፤ «ግን በአባቴ ደንብ ነው።» አባቴ ለሽምግልና ሲቀመጥ ማንንም የራሱን ነገር አያናግርም ነበር። አንዱ የሌላውን ነገር ይናገራል፤ ባለነገሩ «አዎ፣ ይህ ነው የኔ ነገር» እስኪል ድረስ። ሁለቱን ጠራኋቸውና «ስለ እቃ አትነግሩኝም። ስለ ኳሱ ትነግሩኛላችሁ» አልኳቸው።

«እማማ ይቀልዳሉ» አለ ኤርሚያስ።

«አልቀለድኩም። ቁጭ በል።»

ባባ ሲቦን ሁለተኛ ሽማግሌ አደረግሁት። የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ከፍርግርጉ ማዶ በክቡ ውስጥ ተቀመጠ። እንዲገባው ብለው እንግሊዝኛና ዙሉ እየቀላቀሉ ያወሩ ጀመር፤ እኔም ለቀም ለቀም አድርጌ እሰማለሁ።

ሙደሲር የኤርሚያስን ቡድን ይዞ ቀደመ። «ነጥብ ካልመጣ የሚጠበቅ ነገር የለም። ባዶ መደርደሪያ ማን ይጠብቃል?» አለ። «የመጨረሻውን ተሸነፉ። እዚያ እስኪደርሱ ግን በየሜዳው ሲገፉ፣ ሲወድቁ ነው የከረሙት። አንድ ቦታ የቆመ ሰው ይህን አያይላቸውም።»

«አዎ» አለ ኤርሚያስ። «ይህ ነው።»

የእሱ ተራ ሲደርስ ቀለደ። «የሰማንያዎቹ ቡድን ማልያው ያምር ነበር።»

«ይሄ ክርክር አይደለም» አለው ባባ ሲቦ።

ኤርሚያስ ቀልዱን ተወ። «አጥቂ ሲሮጥ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። ወደ ኋላ የማያየው ከኋላው ሰው ስላለ ነው።» ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ጄፒ ስመላለስ፣ ሱቁ እንዴት ዋለ ብዬ አንድ ቀን ደውዬ አላውቅም። አስቤውም አላውቅ። ሙደሲር አለ ብዬ ነው።»

በደንቡ ሙደሲር አዎ ማለት ነበረበት። አላለም። ማስኩን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገው። «ማልያውም ያምር ነበር» አለ።

«ምን አለ? ምን አለ?» ይላል ባባ ሲቦ ከውጭ። ነገርኩት። ቅር አለው። «የኔን ቡድን ታዲያ ማን ተከራከረልኝ?»

ያኔ አንዲት ሴት ግማሽ ዳቦ ጠየቀች። ሙደሲር ሊነሳ ሲል ኤርሚያስ ቀደመውና ቢላዋውን ያዘ። አጣሞ ቆረጠው፤ አንዱ ወገን ጎረምሳ፣ አንዱ ሕፃን ሆነ። ሴትየዋ ጎረምሳውን ወሰደች። «ማይ ፍሬንድ፣ ነገም አንተ ቁረጥ» አለችው። ሙደሲር በርጩማዋ ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሥጋውን ከፍሪጅ ያወጣው ራሱ ሙደሲር ነው። በቀዳዳዋ እንደምንም ገፍቶ ለባባ ሲቦ አሳለፈለት። ሽማግሌው ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሳጥኑን መለሰልን። «አያችሁ፤ ዛሬም ያልተሸነፈው የኔ ቡድን ብቻ ነው» ብሎ ሄደ። እኔ ከመደርደሪያው ዓሣ አወረድኩ።

ሙደሲር ጻካኔ አልሄደም። ያ ክርክርም እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ እኔም አልፈረድኩም። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ሥራ ትቻለሁ፤ ሳልፍ ግን በርጩማዬ ላይ አረፍ እላለሁ። ኤርሚያስ ከጄፒ ይደውላል። ሱቁ እንዴት ነው አይልም። «የሰማንያዎቹ እንዴት ዋሉ?» ነው የሚለው።

ሁለት ሰው ሱቅ ሲይዝ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ በገዛ አፉ መናገር መቻል አለበት። እቃ ከመካፈላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።