ቅመም የመሰለው ዱቄት

በደርግ ጊዜ የያዙኝ ከቢሮ ነው፤ ኮቴን እንኳ ከወንበሩ ላይ አላነሳሁም። የጣሉኝ ክፍል ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አዲስ ገቢ የሚተኛው የሽንት ባልዲው አጠገብ ነበርና ቦታዬን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ተቅማጥ ያዘኝ፤ ደም ቀላቀለ። ሐኪም ብንል ማን ሰምቶን! ግድግዳ ይዤ መነሳት ሲያቅተኝ፣ እናቴን ሳላያት መሞቴ ነው ብዬ ፈራሁ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

ቻይና አገር የተማሩ አንድ ፋርማሲስት አብረውን ታስረው ነበር፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸውንም ሆዳቸውን ያማቸዋል። ከቻይና ያመጡትን የመራራ ሥር ዱቄት ባለቤታቸው በወረቀት ጠቅልለው ከስንቅ ጋር ላኩላቸው። በክፍላችን ደንብ ደግሞ ከቤት የመጣ ምግብ ሁሉ የጋራ ነው። የምግብ ኮሚቴያችን ቢጫውን ዱቄት ሲያይ ቅመም መስሎት ግማሹን ሽሮው ላይ ነሰነሰው። የዚያን ቀን አርባ ሰው ፊቱን አጨማዶ በላ። አንዱ፣ "ኧረ ይሄ ሽሮ ከመርማሪው ይብሳል!" ብሎ አሳቀን።

የቀረው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። ጋሼ ይዘውት መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"ስማ ልጄ፣ ሥሩ ውስጥ አልካሎይድ የሚባል ነገር አለ። ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ ለተቅማጥ ይጠጡታል። ላቦራቶሪም ውስጥ ተስፋ አይተንበታል፤ ያድንሃል ብዬ ግን አልምልም። ልስጥህ? ትፈቅዳለህ?"

"እርስዎስ ጋሼ?"

"እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። የጠየቅኩህን መልስልኝ።"

ከተያዝኩ ጀምሮ ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንደ ምንም በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩና "ፈቅጃለሁ" አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ቆምኩ። ምስጋና ሳበዛባቸው፣ "ከዱቄቱ ይሁን ከወጣትነትህ ምን አውቃለሁ?" አሉኝ። ተመስገን ነው፣ ሁለታችንም በሕይወት ወጣን።

አሁን የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፋልከንሪጅ ሰፈር ነው። እዚህ ክሊኒክ ስሄድ ገና ሳይነኩኝ የፈቃድ ወረቀት ያስፈርሙኛል። ባለቤቴን ወረቀቱ ይሰለቻታል፤ እኔ እያንዳንዱን መስመር አንብቤ ደስ ብሎኝ እፈርማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ በገዛንላት ኮምፒውተር ላይ ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ትርኢት ስለ ቻይና ዕፅዋት ስትጽፍ ይህን ታሪክ ነገርኳት።

"ዋው ዳዲ! ሶ፣ ዱቄቱ ነው ያዳነህ ብዬ ልጻፍ?"

"መዳኔን ጻፊ። በምን እንደዳንኩ ግን አላውቅም።"

ለንቦጯን ጣለች። "በቃ? ዛትስ ኢት?"

"ሌላም አለ። ከመስጠታቸው በፊት ጠየቁኝ። እሱን መጀመሪያ ላይ ጻፊው።"