የተደረበው ቀለበት

ፍሬገነት ፈሪ ናት የሚል ሰው ካለ አያውቃትም ማለት ነው። ጆበርግ አጠገብ፣ ከጀርሚስተን ወጣ ብሎ ባለ፣ ታውንሺፕ በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚባለውን ትንሽ ሱቅ ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ሽጉጥ ተደግኖባታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌቦቹን «ቀስ በሉ፣ እንቁላሉን እንዳትሰብሩብኝ» ብላ ነው የሸኘቻቸው። ስለዚህ ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ረግረግ ዳር እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁባት። የፈራችው ደግሞ ጋሽ ማናሴን ነበር።

ጋሽ ማናሴ ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሆሳዕና የሳይንስ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጆበርግ ውስጥ ሜይፌር የሚባል ሰፈር ይኖራሉ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው። ከእኛ ሰው መካከል ወፍ እየያዙ ለእግሯ ቀለበት የማጥለቅ ፈቃድ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ፍሬገነት መጀመሪያ ስትሰማ «የወፍ ጋብቻ ነው እንዴ?» ብላ ቀልዳ ነበር። አንድ ቀን ወሰዷትና ከዘጠኝ ግራም የማትበልጥ ወፍ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። የወፏ ልብ ጣቷ ላይ ሲመታ ተሰማት፤ በዚያው ፍቅሩ ያዛት። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባሏን ሱቁ ውስጥ አስቀምጣ ረግረጉ ዳር ናት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሸምበቆው መካከል በዓይን የማይለይ ቀጭን መረብ ይዘረጋል። የተያዘችው ወፍ በጨርቅ ከረጢት ትመጣለች። ኋላ የት እንደደረሰች እንዲታወቅ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት እግሯ ላይ በፒንሳ ይዘጋል፤ ክንፏ ተለክቶ፣ ተመዝና ትለቀቃለች። መጋቢት እነዚህ ትንንሽ ወፎች ወደ አውሮፓ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ በአገራችን ሐይቆች በኩል ያልፋሉ፤ ፍሬገነትም ይህን ስታስብ ደስ ይላታል። ቀለበቱ በደንብ ሲዘጋ ጫፍና ጫፉ ይገጥማል። አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ከተደረበ ግን እግሩን ያንቃል፤ እግሩ ያብጣል፣ ይደርቃል። ጋሽ ማናሴ በመጀመሪያው ቀን ያስተማሯት ይህንኑ ነው፤ «ከሚደረብባት ባትያዝ ይሻላታል» ብለዋታል።

በዚያ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ሊጎበኙ መጥተው ነበር፤ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ጋሽ ማናሴ ከረባት አስረው ነው የመጡት። ረግረግ ውስጥ! ጸሎት አድርገው ጠረጴዛቸው አጠገብ ተቀመጡ። ሀሴት የምትባል እዚሁ ጆበርግ የተወለደች ተማሪ ከመረቡ ወፍ ታመጣለች። እሳቸው ቀለበቱን ያጠልቃሉ። ፍሬገነት ደግሞ ወፏን ተቀብላ የቀለበቱን ቁጥር ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ትለቃለች።

የመጀመሪያዋን ተቀብላ ቁጥሩን ልታነብ ስትል ቀለበቱ ተደርቧል።

ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ተደርቧል። ቀና ስትል ጋሽ ማናሴ ለወጣቶቹ እየሳቁ ወፏ በረሃ እንዴት እንደምታቋርጥ ይነግራሉ። አሥራ ሁለት ሰው ፊት፣ አባቷ የሚሆኑትን ሰው፣ ያስተማሯትን ሰው፣ «ተሳስተዋል» ትበላቸው? ቁጥሩን አነበበች። ጻፈች። እጇን ከፈተች፣ ወፏም ሄደች።

ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች። ይሉኝታ ያዛት። ሦስተኛዋ ላይ ዘዴ ሞከረች።

«ጋሼ፣ ደከመዎት መሰለኝ፤ ትንሽ እኔ ላግዝዎት?»

«ገና ምን ሠራሁና!» ብለው ሳቁ፤ ወጣቶቹም አብረው ሳቁ።

አራተኛዋ ላይ «ፀሐዩ ዓይንዎት ውስጥ ገባ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ» አለቻቸው። ዞሩ። አራተኛዋም ተደረበች። አምስተኛዋንም እንደተደረበባት ለቀቀቻት። አየሁ ብትል እሳቸው ይዋረዳሉ፤ ዝም ብትል የእነዚያ እግር ይበሰብሳል። እግዚአብሔርን ሌላ ሰው እንዲያይላት ለመነችው። ማንም አላየም።

ሀሴት ጠጋ ብላ «አንቲ ፍሬ፣ አር ዩ ኦኬ? ፊትሽ እኮ ልክ አይደለም» አለቻት።

«ደህና ነኝ» አለች። ውሸቷን ነው።

ስድስተኛዋ ስትመጣላት ቀለበቱ የወፏን እግር ጭምቅ አድርጎ ይዟል፤ ጣቶቿን አጥፋለች። ፍሬገነት ቁጥሩን አላነበበችም።

«ልቀቂያት እንጂ» አሉ ጋሽ ማናሴ።

«አለቃትም።»

ጋሽ ማናሴ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቀለበቱ ተደርቧል።» ድምፅዋ የእሷ አልመሰላትም።

ጋሽ ማናሴ አልተቆጡም። ወፏን ተቀብለው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ቀለበቱ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱት። ጥፍራቸው የተደረበው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለተኛ አስኬዱት፤ እንደገና ቆመ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንቺ ክፈቺው» ብለው መክፈቻውን ፒንሳ ሰጧት።

የወፏ እግር ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል፤ ጉልበት ትንሽ ከበዛ ቀጭ ይላል። ፍሬገነት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቀለበቱን በትንሽ በትንሹ ከፈተችው። ወፏ ጣቶቿን ዘረጋች። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ማናሴ በዝግታ የጠየቋት።

«ከስንተኛዋ ጀምሮ ነው ያየሽው?»

«አሁን ነው» ብትል ነገሩ በዚያው ያልፍላት ነበር። ማንም አያውቅባትም።

«ከመጀመሪያዋ።»

«ለእኔ ክብር ብለሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ እኮ ዓይኔ ከገና ወዲህ ደክሟል። ለሰው መናገር አፍሬ፣ አንቺ ቁጥሩን ስለምታነቢ ስህተቴን ታዪልኛለሽ ብዬ ነበር የተቀመጥሁት።» ወፏን ለቀቋት፤ ያለ ቀለበት። «ተማምኜብሽ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ፒንሳውን አልነኩም። የተለቀቁት አምስቱ ተመልሰው ይያዙ እንደሆነ ብለው ግን መረቦቹን ክፍት አድርገው ጠበቁ። ፍሬገነት ቡትስ ጫማዋ ውስጥ ውሃ እየገባ ከመረብ መረብ ሮጠች። በአንዱ ዙር ከአምስቱ አንዷ ተመልሳ ተያዘች፤ ቀለበቷን አወለቀችላት። በሚቀጥለው ዙር የተገኙት ሌሎች ወፎች ናቸው። በሚቀጥለውም እንደዚያው። አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ጋሽ ማናሴ መረቡ ይጠቅለል አሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ዙር ብቻ፣ በእናትዎት።»

«ሙቀቱ የሚያዙትን ይገድላቸዋል፣ ፍሬ።»

መረቡን የጠቀለለችው ራሷ ናት። ያልተገኙትን የአራቱን ወፎች ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ስትነግረኝ አንድ በአንድ ጠራችልኝ።