የሮኪማ የእግር ከበሮ

የእህቴ ባል ሮኪማ ቆርቆሮ ጠጋኝ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ተራራማ ከተማ በአይዞል፣ በእኛ ሰፈር፣ እሱ ያልወጣበት ጣሪያ የለም ማለት ይቻላል። የሚያፈሰውን ቦታ የሚያገኘው በዓይኑ አይደለም። በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ይሄድና ድምፁ የደነዘዘበት ላይ ሲደርስ በጠመኔ ይከብበዋል፤ ከዚያ ሬንጁን ያሞቃል። በዚሁ እጁ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈሩን የሐዘን ከበሮ መትቷል።

እኔ የሰፈሩ የሙታን መዝገብ ያዥ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክና የሰነድ አያያዝ ነው፤ ያስተማረኝም ያላየሁትንና ያላጣራሁትን እንዳልጽፍ ነው። መዝገቡ አምስት ዓምድ አለው፦ ስም፣ የሞት ቀን፣ የቀብር ቀን፣ መዝሙር መሪ፣ ከበሮ መቺ። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ከሐዘንተኛው ቤት ተሰብስቦ ሦስት ምሽት ይዘምራል። ከበሮው መሐል ይቀመጣል፣ ሰው ከብቦት ቀስ እያለ ይወዛወዛል። በአምስተኛው ዓምድ ላይ የሮኪማ ስም አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ቆጥሬዋለሁ።

አንድ መስመር ላይ አራተኛውና አምስተኛው ዓምድ ባዶ ነበሩ። በስም ቦታ የተጻፈው ዳርቱዋሚ ነው። የሮኪማ ሚስት፣ የእኔ ታላቅ እህት።

የሞተችው በወረርሽኙ ዓመት ነው። ሣጥኑ ታሽጎ መጣ፤ ነጭ ላስቲክ የለበሱ ስድስት ሰዎች ተሸክመው በቀጥታ ወደ መቃብሩ ወሰዷት። መሰብሰብ የተከለከለ ስለነበር ጎረቤት በየመስኮቱ ቆሞ አያት። የዘመረላት አልነበረም። ልሸፍናት ያዘጋጀሁት ጥቁሩ የሐዘን ጨርቅ፣ ፑዋንዱሙ፣ እንደታጠፈ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ሮኪማ መጣና መስመሩን አይቶ ስሙን በአምስተኛው ዓምድ እንድጽፍ ጠየቀኝ። መትተሃል ወይ አልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጉልበቱ ላይ በጣቱ እንደመታ ነገረኝ።

«ኡ ሮኪማ» አልኩት፤ ታላቄ ስለሆነ «ኡ» ነው የምለው። «ሰው ያልሰማውን ከበሮ አልጽፍም።»

አልተቆጣም። መዝገቡን በቀስታ ዘግቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ከበሮ መምታት አቃተው። በሚቀጥለው ለቅሶ እጁን አነሳ፣ እጁ እንደተነሳ ቀረ፤ ሌላ ሰው ከበሮውን ተቀበለው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ስለ ባዶው መስመር አንድም ቀን አላነሳም። እኔ ግን መዝገቡን በገለጥኩ ቁጥር አየው ነበር፤ እሱም እንዳልተወው አውቅ ነበር።

የድራሙን ሐሳብ ያመጣችው ኪሚ ናት፣ ልጃቸው። ዴልሂ ነርስ ናት። በስልክ አባቷን፣ እጅህ የድሮውን እንቢ ካለ አዲስ ነገር አስተምረው አለችው፤ ጆሮ ላይ በሚደረግ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ፣ ጎረቤት የማይረብሽ የኤሌክትሮኒክ ድራም። የእኛ ቤቶች በገደሉ ላይ አንዱ ባንዱ ጀርባ የተቀመጡ ናቸው፤ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። ከሮኪማ ወለል ሥር ፒ ቻውንጊ ተኝታለች፤ «ፒ» ለአሮጊት የክብር መጠሪያ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመት አልፏል፣ ጆሮዋ ግን የድመት ነው።

ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ አብሬው ሄድኩ። ዋጋውንና ልዩነቱን በወረቀት ጽፌ ነበር። ባለሱቁ ማልሶማ ራሱ ልጅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሮኪማን ያውቀዋል።

«ፑ ሮኪማ» አለው ገና ከበሩ፣ ሽማግሌ በሚከበርበት መጠሪያ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙታን ሲሸኙ ኖረው አሁን ጭፈራ ቤት ሊከፍቱ ነው?»

«አንተን ስሸኝ የምመታውን ልለማመድ ነው» አለው ሮኪማ።

የመጀመሪያው እንደ ሰሌን የሚጠቀለል ጎማ ነበር፤ ከበሮዎቹ ላዩ ላይ ክብ ክብ ሆነው የተሳሉ። ከሁሉ ርካሹ ነው። ሮኪማ በጣቱ አንጓ አንኳኳውና «ይሄ ያፈሳል» አለ። ሁለተኛው ጠንካራ ጎማ የተለበጠ ነው፤ መምቻ እንጨቱ ሲያርፍበት ታክ ታክ እያለ ክፍሉን ይሞላል፣ ምቱንም ወደ እጅ አንጓ ይመልሳል። ለጀማሪ እጅ ጥሩ አይደለም፤ ለጎረቤትም እንደዚያው። ሦስተኛው እንደ ወንፊት በተወጠረ መረብ የተሠራ ነው። ማዳመጫውን ያላደረገ ሰው የሚሰማው በሩቅ ምንጣፍ የሚራገፍ የሚመስል ነገር ብቻ ነው። ሃያ ስምንት ሺህ ሩፒ፤ ካሰብነው ብዙም አልራቀም።

የቀረው የእግሩ ነበር። አንዱ ፔዳል መዶሻ የለውም፤ ሲረገጥ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ድምፁ ማዳመጫው ውስጥ ብቻ ነው። ሌላው እውነተኛ መዶሻ አለው፣ የቆመ ሰሌዳ ይመታል። እኔ ዝም የሚለውን ያዝ አልኩት። ለጀማሪ ይበቃል፣ ርካሽ ነው፣ ከሥርህም የታመመች ሴት አለች። ሮኪማ ረገጠው። ደግሞ ረገጠው።

«እግሬ የት እንደደረሰ አያውቅም» አለ። «ባዶ ላይ እንደመርገጥ ነው።»

መዶሻ ያለውን ገዛ። ማልሶማ ሲጭንልን የእጁን ድምፅ መረቡ እንደሚውጠው፣ የእግሩን ግን ወለሉ ተቀብሎ እንደሚያወርደው አስጠነቀቀን። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ፣ ከኮምፔንሳቶው ሥር ደግሞ ለሁለት የተቆረጠ የቴኒስ ኳስ እንድናደርግ መከረን። አሥራ ስምንት ግማሽ ኳስ አስቀመጥን። ከላዩ የዳርቱዋሚን ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈበት። ድራሙ ውስጥ በቁጥር የተደረደሩ ትምህርቶች ነበሩ፤ በማዳመጫው እየሰማ ከትምህርት አንድ ጀመረ።

በሳምንቱ ፒ ቻውንጊን ሄጄ ይረብሽዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ከበሮ እንደማትሰማ ነገረችኝ።

«ትራመዳለች እንጂ» አለችኝ። «ቀስ ብላ ነው። ሁለቴ ትረግጥና ትቆማለች፣ አንዴ ትረግጥና ትቆማለች።»

ሮኪማ ብቻውን እንደሚኖር አስታወስኳት። የምትሰማው ፔዳሉን ነው ብዬ ስለ መዶሻው፣ ስለ ኳሶቹም አስረዳኋት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«የሮኪማን እርምጃ አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ልጄ» አለች። «እሱ ተረከዙን ይጥላል።»

ይህን በዚያ ቀን አልጻፍኩትም፤ የታመመ ሰው ቃል ነው ብዬ።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጭጋጉ ከሸለቆው ወጥቶ ሰፈሩን ሸፍኖት ነበር። ቤቴ ከሮኪማ ቤት በሸለቆው ማዶ ነው፤ በእግር አሥራ አራት ደቂቃ። ሰነድ ስገለብጥ ከበሮ ሰማሁ። ሁለት ምት፣ ዝምታ፣ አንድ ምት፣ ዝምታ። ይህ ምት በእኛ ዘንድ ሌላ ቦታ አይመታም፤ የሐዘን ቤት ነው። ሰው ሲሞት የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ አስቀድሞ ይናገራል፣ ያን ቀን ግን ምንም አላለም። መብራት ጠፍቶ ይሆናል አልኩ። መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ።

የሰፈሩ መንገድ በሆነው የገደሉ ደረጃ ላይ ሰዎች ነበሩ። አንዷ ስኳር፣ አንዱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሻይ ቅጠል፣ ሁለት ጎረምሶች የሰፈሩን ማኅበር ወንበሮች ይዘው ይወጣሉ። ወደ ሐዘን ቤት የሚሄድ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ገብቶ ይቀመጣል፣ ይዘምራል፣ መዝሙሩ ሲያልቅ ይነገረዋል። ስለዚህ ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከበሮው እየቀረበ ሲሄድ የእነማን ቤት እንደሆነ አወቅኩ። ኪሚ ናት ብዬ አሰብኩ፣ ከዴልሂ ተደውሎለታል።

በሩ ክፍት ነበር። ሮኪማ ጀርባውን ሰጥቶን ድራሙ ላይ ተቀምጧል፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው። እጆቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን ከመረቡ ላይ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ክፍሉን የሞላው የእግር ከበሮ ነው። ፑ ቢያካ፣ የሰፈሩ መዝሙር መሪ፣ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። እኛም ተቀመጥን። በምቱ ላይ ገብቶ አንዱን አሮጌ መዝሙር አነሳ፣ ተቀበልነው። ከሮኪማ ጀርባ አሥራ ሰባት ሰው ሆነን ዘመርን። እሱ አልሰማንም።

አራተኛው ስንኝ ላይ ሮኪማ አቆመ። እንጨቶቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ማዳመጫውን አወረደ። ያኔ ዝማሬውን ሰማ፣ ጀርባው ቀጥ ሲል አየሁ።

ከበሮው አላቆመም።

እግሩን አይቻለሁ። ሁለቱም እግሮቹ ምንጣፉ ላይ ነበሩ፣ ከፔዳሉ በስንዝር ርቀው። መዶሻው ቆሟል። ሁለት ምት፣ ዝምታ፣ አንድ ምት። የፑ ቢያካ አፍ መዝሙሩን አልተወም፤ ከጀመረ ማቆም አያውቅም። ስንኙ እስኪያልቅ እኛም ተከተልነው። ስንኙ ሲያልቅ ከበሮው አብሮ ዝም አለ።

ፑ ቢያካ ነው የተናገረው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኪሚ አባት፣ ማን ነው?»

ሮኪማ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። «ማንም አልሞተም» አለ። «ትምህርት አራትን ነበር የምለማመደው።»

ሰው ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። አንዲት ሴት ስኳሯን ወደ ጉያዋ መለሰች። ያን ጊዜ ከወለሉ ሥር በከዘራ ጣሪያ የሚመታ ድምፅ ሰማን፣ ቀጥሎም የፒ ቻውንጊን ቀጭን ድምፅ።

«ምን ሆናችሁ? ሁለት ስንኝ ይቀራል እኮ። ቆማ እየጠበቀቻችሁ ነው።»

ሮኪማ ተነስቶ ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ።

«የኪሚ እናት ናት» አለ። «ሁለት ዓመት ዘግይታችኋል። ተቀመጡ።»

ሁለቱን ስንኞች ያለ ከበሮ ዘመርናቸው። በነጋታው ጥቁሩን ጨርቅ ይዤ ሄድኩና ድራሙ ላይ አለበስኩት፤ ሌላ የምሸፍነው ነገር አልነበረም። የቆዳው ከበሮ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ሮኪማ እጁን አነሳ። እንደተነሳ የሚቀር መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጁ ወረደ። ዓርብ መታ፣ ቅዳሜ መታ። ቅዳሜ ሰው ሲበተን ወደ ፒ ቻውንጊ ወረድኩ። አሁንም ትራመዳለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ብዬ መጠየቄን ያስተዋልኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ቅድም ደረጃውን ይዛ ወረደች አለችኝ፣ ሻይዋን እየጠጣች።

ማጣራት ሥራዬ ስለሆነ አጣራሁ። ከመጡት አሥራ ስድስት ሰዎች እያንዳንዱን ከማን ሰማህ ብዬ ጠየቅኩ፤ ሁሉም ከከበሮው አሉ። ማክሰኞ ዕለት ሮኪማን ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲረግጥ አድርጌ በቤቴ በር ላይ ቆምኩ። ጭጋግም አልነበረም። ከማዶ አንድም ድምፅ አልደረሰም፤ ደረጃው ግማሽ ላይ ስደርስም አልሰማሁም። ትምህርት አራትንም ማዳመጫውን አድርጌ አዳመጥኩት። ፈጣን የወጣቶች ምት ነው፤ በእሱ ላይ የሐዘን መዝሙር የሚዘምር ሰው የለም።

ሮኪማ በዚያው ቀን መዝገቡ ያለበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። የዓርቡንና የቅዳሜውን ስሙን ጻፍኩ። የሐሙሱ ቀረ። ልጽፈው ፈልጌ ነበር። ሁለት ዓመት የከለከልኩትን ልሰጠው ፈልጌ ብዕሩን አስጠግቼ ነበር።

«ዙዋሊ» አለኝ። «የሐሙሱን ስሜን እንዳትጽፊ። እኔ አልመታሁም።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ያየሽውን።»

ጻፍኩት። አራተኛው ላይ ፑ ቢያካ ገባ። በአምስተኛው ዓምድ፣ በዳርቱዋሚ መስመር፣ ከሁለቱ የሮኪማ ስሞች በላይ እንዲህ ይላል፦ «ተመታ። አሥራ ሰባት ሰው ሰማ። መቺው አልታየም።» ሮኪማ አነበበውና ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት።

አሁን ትምህርት ዘጠኝ ላይ ደርሷል። እጁም ወደ ከበሮው ተመልሷል፤ ለቅሶ ሲኖር እሱ ነው የሚጠራው። አንዳንድ ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጭጋጉ ሲወጣ ሥራዬን ትቼ በቤቴ በር ላይ እቆማለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል አዳምጣለሁ። ምንም አይሰማም።