ሁለቱ ማዳም ደስታ

ሰው ሁሉ ስደቱን በሌሊት ይጀምራል፤ እኔ ግን ከኮልፌ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከገበያ እንደምትመለስ ሴት ነጠላዬን ተከናንቤ ነው። ሌሊትማ በጣልያን ዘመን ማን ይንቀሳቀሳል? በሌሊት የተገኘ ወይ ሽፍታ ነው ወይ ሬሳ ነው። ወንድሜ ዱር ከገባ ወዲህ ባንዳዎቹ የአርበኛ ዘመድ እያሉ ሴቱንም ሽማግሌውንም ይለቅሙ ነበርና፣ ተራው እኔ ጋ እስኪደርስ ተቀምጦ መጠበቅ ሞኝነት ሆነ። ባሌ ደስታ አብሮኝ ሊወጣ አልቻለም። እናቱ አልጋ ላይ ነበሩ፤ እሳቸውን ለማን ጥሎ? ደግሞም ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ስለሚጠርብ የጣልያን ወረቀት አለው፤ እሱን አይነኩትም።

"ሂጂ እንጂ፤ ነገሩ ሲበርድ ትመለሻለሽ" አለኝ በሩ ላይ ቆሞ።

"እስከዚያ ማን ያበስልልሃል?"

"እጄ መቼ ተቆረጠ?"

"እጅህን አላልኩም። ማን፣ ነው ያልኩት።"

ሳቀ። ሲስቅ ግራ ዓይኑ ቀድሞ ይጨፈናል። እኔ አልሳቅሁም። ይህን የምነግራችሁ ከመጀመሪያው እንድታውቁኝ ነው፤ እኔ ቀናተኛ ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ በጥላዋም ትቀናለች" ትለኝ ነበር። ደስታ ደግሞ መልከ መልካም ነው፤ እኔ ደግሞ አልወለድኩለትም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ይዛ እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት ካለች እስቲ ትንገረኝ።

ያወጡኝ የሰፈራችን ነጋዴ ጋሼ ወልዴ ናቸው፤ ቆዳና ቡና እየጫኑ ጅቡቲ የሚመላለሱ ጉራጌ። ላሻ ፓሳሬ በሚሉት የጣልያን የይለፍ ወረቀታቸው ላይ "ከሚስቱ ጋር" የሚል አለበት፤ እውነተኛዋ ሚስታቸው ግን አገር ቤት ናቸው። ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አይቶ እኔን አየ፣ እኔን አይቶ እሳቸውን አየ።

"ሚስትህ በጣም ልጅ ናት" አለ በአስተርጓሚ።

"ጌታዬ፣ እሷ ልጅ ሆና አይደለም፤ እኔ ነኝ ያረጀሁት" አሉ ጋሼ ወልዴ።

ወታደሩ ሳቀና አሳለፈን። ባቡሩ ሲነሣ ወደ ምዕራብ ዞሬ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ተሳለምኩ፤ "ደስታን ከሴት ጠብቅልኝ" ብዬ አደራ ሰጠሁ። ከጣልያንም ጠብቅልኝ ማለቱ ትዝ ያለኝ አዋሽን ከተሻገርን በኋላ ነው።

ጅቡቲን ምን ብዬ ልንገራችሁ። በሐምሌ የኮልፌ ጭቃ ጫማ ሲያስቀርብን ስናማርር እግዜር ሰምቶን ኖሯል፤ ጭቃ የሌለበት አገር ሰጠኝ። ውሃም የለበትም። ያለውም ጨው ጨው ይላል፤ ሻይ ብታፈሉበት ሻዩ ጨው፣ ሽሮ ብትሠሩበት ደግሞ ጨው መጨመር የለም። ዳቦው ባጌት ይባላል፤ ክንድ ያህላል፤ ጠዋት ሲቆርሱት እሰይ ያሰኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሌባ ይመቱበታል። ሰላምታቸውማ አይነሣ። "ቦንዡር" ካሉ አለቀ። እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና፣ ምንም የለም። እኔ የአንድ ግሪክ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። ለሙቀቱ አንድ ነገር ላመስግነው፤ ልብስ ሳሰጣ አንዱን ጫፍ ይዤ ሌላው ይደርቃል። ኮልፌ ክረምት ላይ ነጠላ ሳይደርቅ ይሻግት የለ?

እዚህ ለመቀመጥ ካርት ደ ሴዡር የሚሉት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኛ ስደተኞቹ ካርት ብቻ እንለዋለን። መጀመሪያ ላወጣ የሄድኩ ዕለት ፈረንሳዩ ጸሐፊ በአንድ የሐረር ሰው አስተርጓሚነት ጠየቀኝ።

"ስም?"

"አስካለ።"

"የቤተሰብ ስም?"

"የትኛው ቤተሰብ? ቤተሰቤ ብዙ ነው።"

"ሁሉም የሚጠሩበት አንድ ስም ማለቱ ነው" አለ አስተርጓሚው።

"እኛ ዘንድ ሁሉም በየስሙ ነው የሚጠራው። የአባቴን ከሆነ ኃይሌ ነው።"

"ባል አለሽ?"

"አለኝ እንጂ! ደስታ ይባላል።"

ጸሐፊው እፎይ ብሎ "ማዳም ደስታ" ብሎ ጻፈ። አባቴ በዚያች ቀለም ጠፍቶ ቀረ። አዘንኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን ለምን እዋሻለሁ? ደስ ነው ያለኝ። ደስታ የእሷ ነው ተብሎ በመንግሥት ማኅተም የተጻፈላት ሚስት ኮልፌ ውስጥ ማን አለች?

ካርቱ ጊዜው ሲያልፍ ለማደስ ሰጠሁና በምትኩ ሬሴፒሴ የምትባል ቁራጭ ወረቀት ተቀበልኩ። በዚያው ሰሞን ከአገር ቤት ወሬ መጣ። አዲስ እንደራሴ ተሹሟል፣ ምሕረት ታውጇል፣ የአርበኛ ዘመድም ይግባ ተብሏል አሉ። ካርት ያለው ስደተኛ ሁሉ በባቡር እየሄደ ቤተሰቡን አይቶ ይመለስ ጀመር። የጣልያን ምሕረት ነገ ቢጠም መሸሻው ካርቱ ነዋ! ወንድሜ ገና ዱር ነው፤ እኔ ያለ ካርት ብገባ መሸሻ የለኝም። ቢሮው ሄጄ ጠየቅሁ።

"ካርትሽ በመታደስ ላይ ነው" አለኝ ጸሐፊው።

"መቼ ያልቃል?"

"ሲያልቅ።"

"በዚህች ወረቀት አገሬ ደርሼ ብመጣስ?"

"መውጣት ትችያለሽ። ፈረንሳይ ሰው በግድ አይዝም። መመለስ ግን አትችይም።"

"እንግዲያው እኔ አሁን የት ነኝ?"

"በመታደስ ላይ" አለኝ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳቅ የለም።

እየተመላለስኩ ጠየቅሁ። አንድ ቀን አስተርጓሚው ገና ሲያየኝ ቅንድቡን አነሣ።

"የማዳም ደስታ ካርት ትናንት ተወስዷል እኮ።"

"ማን ወሰደው? ማዳም ደስታ እኔ ነኝ!"

"ሌላም ማዳም ደስታ አለች። ስሙ ሲጠራ አቤት ብላ ተቀበለች። ነገ በባቡር አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ኮልፌ የሚባል ሰፈር።"

"ኮልፌ ማን ጋ?"

"ደስታ ጋ ነዋ፤ ስሟ ማን ሆነና?"

"ምን ትመስላለች?"

"ልጅ እግር ናት። ቆንጆ ናት" አለኝ፣ የእጁን ይስጠው።

ጸሐፊው በበኩሉ ለአንድ ማዳም ደስታ አንድ ካርት ነው የሚሰጠው፣ ሌላ ከፈለግሽ እንደገና አመልክቺ አለኝ። እኔ ግን የካርቱን ነገር ረስቼዋለሁ። ሰውነቴ እንደ እሳት ነደደ። ያቺም በመንግሥት ማኅተም የደስታ ተብላለች! እኔ እዚህ የሰው አንሶላ እያሸሁ እሷ ስሜን ይዛ ቤቴ ልትገባ! ያን ቀን ያጠብኩት አንሶላ ተቀደደ።

አከራዬ አንዲት አረብ ሴት ናቸው፤ ለቅሶዬን ሰምተው መጡ።

"ባልሽ ሌላ ቢያገባ ምን ገረመሽ? የኔ አራት አግብቷል፤ እኔ ሦስተኛዋ ነኝ።"

"አይቀኑም?"

"በየትኛዋ ልቅና? ይደክማል እኮ።" ቆይተው ደግሞ፣ "ያለ ካርት ጠረፉን ከተሻገርሽ ግን አልጋሽን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አሉኝ። ኀዘናቸው እዚያ ላይ አበቃ።

በማግስቱ ሬሴፒሴዬን በጉያዬ ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ። ካርት ቢቀር ይቅር፤ ባሌን አላስነጥቅም። ፉርጎው ውስጥ ዓይኔን ስወረውር አንዲት አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች፣ ጉትቻዋ የሚያብለጨልጭ ቆንጆ አየሁ። እሷ ናት አልኩ። ሙዝ ስትበላ ጠላኋት፣ ስታዛጋ ጠላኋት፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ ደግሞ ይሄኔ ደስታ ይህን እግር ያውቀዋል ብዬ ልሞት ደረስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ባጌቷን ቆርሳ ሰጠችኝ። ጽጌ እባላለሁ አለችኝ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ናት፤ አመሰግናለሁ ስላት ፈገግ አለች፤ ፊቷ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

"ሞቀዎት መሰለኝ፤ በመስኮቱ በኩል ይሁኑ፣ እትዬ" ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ።

"የሚያቃጥለኝ የፀሐዩ ሙቀት አይደለም፣ ልጄ" አልኳት፣ ዓይኔን ከአረንጓዴዋ ሳልነቅል።

ከጠረፉ በፊት ያለችው ጣቢያ አሊ ሳቢህ ናት። ዣንዳርም የሚሏቸው የፈረንሳይ ዘበኞች የሁላችንንም ወረቀት ሰብስበው ወረዱና ከጣቢያው በረንዳ ስም መጥራት ጀመሩ። ዓይኔን አረንጓዴዋ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ።

"ማዳም ደስታ!"

"አቤት!" አልኩ። አጠገቤም "አቤት!" ተባለ። ጽጌ ናት። አረንጓዴዋ ሙዟን እየላጠች ነው።

ሁለታችንም በረንዳው ላይ ቆምን። እጇን ይዤ ወደ ጎን ጎተትኳት።

"አንቺ! ደስታ ምንሽ ነው?"

"አባቴ ነው" አለች ደንግጣ።

"ባልሽ አይደለም?"

"ባል የለኝም። ጸሐፊው አባትሽ ማን ነው ሲለኝ ደስታ አልኩት፤ ማዳም ደስታ ብሎ ጻፈኝ። አባቴን አይቼው አላውቅም። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር፤ እናቴ እኔን ማርገዟን ሳታውቅ ነው ትቷት አዲስ አበባ የገባው። አሁን ኮልፌ ነው አሉኝ። እናቴ ከመሞቷ በፊት ምልክቱን ነግራኛለች፤ ሲስቅ ግራ ዓይኑ ቀድሞ ይጨፈናል።"

ፊቷን አየሁት። ባጌቱን ስትሰጠኝ ፈገግ ያለችው ትዝ አለኝ። ደስታ ከእኔ በፊት ድሬዳዋ ይሠራ እንደነበር አውቃለሁ፤ ልጅ እንዳለው ግን እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም።

ዣንዳርሙ ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ካርትና አንዲት ሬሴፒሴ ይዟል፤ በሁለቱም ላይ ማዳም ደስታ ተጽፏል። አንድ አማርኛ የሚሰማ ሱማሌ ረዳት አለው፤ በእሱ በኩል ተናገረ።

"የካርቱና የሬሴፒሴዋ ቁጥር አንድ ነው። ስለዚህ ሬሴፒሴዋ የማን ናት? ካርቱም የእሷ ነው። ሌላዋ ወረቀት የላትም፤ ወደ ጅቡቲ ትመለስ።"

ካርቱ የኔ ነበር። የኔ፣ የታደሰ፣ ወስዶ የሚመልሰኝ ካርት። ጽጌ ምንም አልገባትም፤ ዓይኗ ባቡሩ ላይ ነው። "የኔ ነው" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ በማግስቱ ደስታ ፊት እቆም ነበር። ደግ ሴት አድርጋችሁ እንዳታስቡኝ፤ በዚያች ሰዓት በልጅቱ ከቅድሙ ይልቅ ቀናሁ። ሚስት ብትሆን እጣላታለሁ፤ ልጅ ግን እንዴት ይጣሏታል? እኔ ልሰጠው ያልቻልኩትን እሷ ራሷ ሆና ትሄዳለች። ብቻ አንድ ነገር አሰብኩ። ቤቴ ብገባና ደስታ ቢስቅ፣ ያ ግራ ዓይኑ ቀድሞ ሲጨፈን አሸዋው ላይ ጥያት የመጣኋትን አያለሁ። ዕድሜ ልኬን ባሌ በሳቀ ቁጥር እንዴት እችለዋለሁ?

"ሁለቱም የእሷ ናቸው፤ እኔ ሸኚ ነኝ" አልኩት።

ጽጌ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት። "ሚስቱ ነኝ። ሽሮው ላይ ነጭ ሽንኩርት አይወድም" አልኳት። ከዚያ የበለጠ ቢወጣኝ እሪ እል ነበር። ባቡሩ ይዟት ሄደ።

ጅቡቲ ተመልሼ ቢሮው ስሄድ ጸሐፊው አንገቱን ነቀነቀ።

"ማዳም ደስታ ከአገር ወጥታለች።"

"ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ!"

"ወረቀቱ ላይ አዲስ አበባ ነሽ" አለኝ። አዲስ አበባ መሆኔን ሰምቼ እንኳ ቀናሁ።

አዲስ ማመልከቻ በአባቴ ስም አስገባሁ፤ እሱም በመታደስ ላይ ነው፣ ገና ሳይወጣ። አከራዬ አልጋዬን አልሰጡብኝም፤ የሚተኛበት ስላጡ ይመስለኛል። ጋሼ ወልዴ በቡና ጭነት እስኪመጡ ድረስ ከኮልፌ ምንም አልሰማሁም። ሲመጡ ውሃ እንኳ ሳልሰጣቸው ጠየቅኋቸው።

"ደህና ናቸው፣ እህቴ። ልጅቱ ቤቱን አሙቃዋለች። አሮጊቷን የምታጥባቸው እሷ ናት። ደስታማ ልጄ ልጄ እያለ ሰፈሩን ሁሉ አዞራት።"

"ስለኔስ? ምን ይላል?"

ጋሼ ወልዴ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። "ተቆጥቷል።"

"በምን?"

"ልጅቱ ነገረችዋ። እስከ ጠረፉ አብራኝ መጥታ፣ ሸኚ ነኝ ብላ ተመለሰች አለችው። እሱም፣ እዚያ ድረስ የመጣች ሴት ምን ይመልሳታል፤ ጅቡቲ ሰው ቢኖራት ነው እንጂ ይላል። እንቅልፍ የለውም። የጅቡቲ ወንዶች ረጃጅሞች ናቸው ወይ እያለ እኔን ያደርቀኛል።"

ያኔ ነው የአሊ ሳቢህን ነገር ሁሉ፣ የካርቱን ቁጥር ሳይቀር፣ የነገርኳቸው። ጋሼ ወልዴ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"በይ እንግዲህ፣ እንደገባሁ ቀጥታ ቤቱ ሄጄ እነግረዋለሁ። ካርትሽን ለልጁ ብለሽ መተውሽን ይወቅ!"

እሺ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ደስታን አየሁት፤ ኮልፌ ላይ በዚያ ብርድ፣ ብርድ ልብሱን ገፍፎ ተቀምጦ፣ አይቶት የማያውቀውን ረጅም ሰው ሲረግም። ከአገሬ ከወጣሁ እንዲያ ሆዴ ሞቆ አያውቅም።

"አይንገሩት፣ ጋሼ" አልኳቸው። "እሱም ትንሽ ይቅና። የቀና ሰው አይረሳም።"