የኮምፕረሰር ክፍሉ ሙቀት

የምሠራበት ፋብሪካ የምግብ ዕቃ ክዳን ነው የሚያመርተው። እርጎ ወይም አይስክሬም ሲገዛ ከላይ የሚከደነው ስስ ፕላስቲክ ማለት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ደወሉ የሚሰማበት ቦታ ላይ ያለ መስኮት የለሽ ረጅም ሕንፃ ነው። እኔ ሜንቴናንስ ነኝ። የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ ያልተሰበረውንም እየዞርኩ አያለሁ።

የኢነርጂው ነገር የመጣው ከውጭ ነው። ክዳን በብዛት የሚገዛን አንድ ትልቅ ድርጅት፣ አቅራቢዎቹ በሙሉ የኃይል አጠቃቀማቸውን በሥርዓት እንደሚመሩ በኦዲተር እንዲያረጋግጡለት ጠየቀ። ሥራ አስኪያጃችን ሁላችንንም በምናርፍበት ብሬክ ሩም ሰብስቦ ነገረን። ረጋ ያለ ሰው ስለሆነ ነገሩን አላካበደውም።

«ነገሩ መብራት ማጥፋት ብቻ አይደለም» አለ። «ኃይሉ የት እንደሚሄድ እናውቃለን፣ የቱን እንደምንቀንስ እንወስናለን፣ ያደረግነው መሥራቱን እንለካለን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። የማያልቅ ሥራ ነው።»

አንድ ቡድን ተቋቋመ። ከቢሮ አንድ ሰው፣ ከምርት ክፍል አንዲት ሱፐርቫይዘር፣ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረች ኢንጂነር፣ ከሜንቴናንስ ደግሞ እኔ። አለቃዬ ለምን እኔን እንደመረጠኝ ስጠይቀው «የእጅ ጽሑፍህ ይነበባል» አለኝ። ሌላ ምክንያት ካለውም አልነገረኝም።

ኢንጂነሯ ከሚኒሶታ ደቡብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ የመጣች ረጅም ሴት ናት። ንግግሯ አጭር ነው። መጀመሪያ ያደረገችው በየማሽኑ ላይ ቆጣሪ ማስገጠም ነበር። የበጋው ወራት ያለቀው ቆጣሪ በመግጠምና በማንበብ ነው። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ፋብሪካው ቆሞ ሳለ እንድንዞር ጠየቀችኝ።

ቤቴ ሪችፊልድ ነው። እሁድ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ቸርች ይሄዳል። ባለቤቴ ሸሚዜን ሳይሆን የሥራ ጫማዬን ሳነሳ አይታ «ምን ተሰበረ?» አለች።

«ምንም አልተሰበረም። አየር የሚያፈስበትን ቦታ ልንፈልግ ነው።»

እዚሁ የተወለደችው ልጄ ከቁርሷ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ «አየር ልትሰማ ነው የምትሄደው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። መልሱ ያረካት አልመሰለኝም።

ግን ሥራው በትክክል እንደዚያ ነበር። ፋብሪካችን ውስጥ ብዙው ነገር የሚንቀሳቀሰው በታመቀ አየር ነው። አየሩን የሚያምቁት ትልልቅ ኮምፕረሰሮች ደግሞ ኋላ በኩል ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው፣ መብራቱ ግማሹ ጠፍቶ፣ እኛ ሁለታችን መሃል መተላለፊያው ላይ ስንቆም ከጣሪያው፣ ከግድግዳው፣ ከየማሽኑ ሆድ ሲስስስ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አየር የሚያፈስ መገጣጠሚያ እንዳለ በፊትም አውቅ ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰምቼው ግን አላውቅም። ኮምፕረሰሮቹ አንድም ክዳን በማይመረትበት ቀን እየሠሩ የነበሩት ለዚህ ነው። እሷ ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ ትረጫለች፣ አረፋ የሠራበት ቦታ ላይ እኔ ቢጫ ካርድ አስራለሁ። ስንጨርስ ፋብሪካው የሠርግ ቤት መስሏል።

ቀዳዳዎቹን በመድፈን ወራት አለፉ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ የኃይል ፍጆታችንን የሚያሳየው መስመርም እየወረደ መጣ። ቀጥሎ ተራው የኮምፕረሰር ክፍሉ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ መናገር አለብኝ። ጋሼ የምላቸው ከጅማ አካባቢ የመጡ፣ እኔ ከመቀጠሬ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ አንድ የክዳን ማሽን ላይ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛ ነው የሚነገረው። ከእኔ ጋር አማርኛ ያወራሉ፤ ቃላቱን ጠበቅ እያደረጉ፣ ሳይቸኩሉ። ሪችፊልድ ውስጥ ጎረቤቴ ስለሆኑና ዓይናቸው በጨለማ ድራይቭ ለማድረግ ስላስቸገራቸው፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የምንሄደውም የምንመለሰውም በእኔ መኪና ነበር። እሳቸው ሬድዮ አይወዱም፣ እኔም መኪና ውስጥ ብዙ አላወራም። ስለዚህ ተስማምተን ነበር።

ክረምት ላይ ፋብሪካው ኋላ በኩል በጣም ይበርዳል። ዕቃ የሚጫንበትና የሚራገፍበት የዶኩ በር ለጭነት መኪና በተከፈተ ቁጥር ብርዱ እንደ ውኃ ወለሉን ይዞ ይገባል። የኮምፕረሰር ክፍሉ ግን ምንጊዜም ይሞቃል። ጋሼ ሶላታቸውን እዚያ ነበር የሚሰግዱት። መስገጃቸው ከአንድ ቧንቧ ጀርባ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከሜክሲኮ የመጣች አንዲት ባልደረባችን ጓንቷን እዚያ ታደርቃለች፤ አንዳንዱም ምሳውን ይዞ ይገባል። ማንም ፈቅዶላቸው አያውቅም፣ ማንም ከልክሏቸውም አያውቅም።

ኢንጂነሯ ያቀረበችው ሐሳብ ግልጽ ነበር። ከኮምፕረሰሮቹ የሚወጣውን ሙቀት በትልቅ የቆርቆሮ ቱቦ ወደ ዶኩ መውሰድ፣ ዶኩ ላይ የሚነደውን የጋዝ ማሞቂያ መቀነስ፣ የኮምፕረሰር ክፍሉን ደግሞ ዘግቶ መቆለፍ።

ስብሰባው ላይ «ክፍሉን ሰዎች ይጠቀሙበታል» አልኩ።

«ለምን?» አለች።

«ለመብላት። ለመሞቅ። ለመጸለይም።»

ኢንጂነሯ ትንሽ አሰበችና «እዚያ ውስጥ ያለው ድምፅ ጆሮ ይጎዳል» አለች። «ቱቦው ባይኖርም መዘጋት ነበረበት። ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል።»

ልክ ነበረች። እኔ ራሴ የጆሮ መከላከያ ሳላደርግ አልገባም። በዚያው ተወሰነ፤ ለጋሼ የመንገሩን ነገር ደግሞ እኔ ወሰድኩት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት እየሄድን መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ጆሮውም አስረዳሁ።

«ተወስኗል?» አሉ።

«ተወስኗል፣ ጋሼ።»

«እሺ።»

ሪችፊልድ ደረስን። ሲወርዱ እንደ ወትሮው አመሰገኑኝና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። በማግስቱ ጠዋት ሳልነሳ ደወሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በባስ እሄዳለሁ» አሉኝ። «አንተም እንዳትቸገር።» ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖረው ይቀለኝ ነበር።

ቱቦውን እኛው ሰቀልነው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ሥራው አለቀ። ብርዱ ሲመጣ ዶክ ላይ የሚሠሩት ልጆች ኮታቸውን አውልቀው መሥራት ጀመሩ። አንዱ መንገድ ላይ አስቁሞ ጨበጠኝ። የኮምፕረሰር ክፍሉ በር ላይ ቁልፍ ገባ። ጋሼ መስገጃቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ።

ሱፐርቫይዘሯ በተባለው መሠረት ሌላ ቦታ አቀረበችላቸው፤ ቢሮዎቹ አጠገብ ያለውን የሥልጠና ክፍል። ግድግዳው መስታወት ነው። ጋሼ አመስግነው አልፈልግም አሉ። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሰግዱ አላውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ባዶውን ወንበር አጠገቤ ይዤ ድራይቭ አደርጋለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ስንገናኝ ስለ ልጄና ስለ ባለቤቴ ይጠይቁኛል፣ እኔም ስለ ቤተሰባቸው እጠይቃለሁ፣ እንለያያለን።

የት እንደሚሰግዱ ያገኘችው ኢንጂነሯ ናት። መጋዘኑ ውስጥ ቆጣሪ ልታነብ ስትሄድ፣ ከፍ ብለው በተደረደሩ የክዳን ካርቶኖች መሃል፣ መስገጃቸውን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አንጥፈው ሲሰግዱ አየቻቸው። ቱቦው ወደዚያ አይደርስም፤ ስትነግረኝ የራሷ ትንፋሽ ይታያት እንደነበር ነው ያነሳችልኝ። እስኪጨርሱ ርቃ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ኮምፕረሰር ክፍሉ ውስጥ ይጸልይ የነበረው እሱ ነው?»

«አዎ።»

«አብረኸኝ ና። ላናግረው እፈልጋለሁ።»

ጋሼ እንግሊዝኛ በደንብ ይሰማሉ። ነገር ሲከብዳቸው ግን በአማርኛ ተናግረው እኔ እንዳስተረጉም ይመርጣሉ። ማሽናቸው አጠገብ ቆምን።

«ምን ቢደረግልዎ እንደሚሻል ይንገሩኝ ትላለች» አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ክፍሉ የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ በላት። ሙቀቱም የእኔ አይደለም። ዶክ ላይ ያሉት ልጆች ስለሞቃቸው ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ብትጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እሷን አልነበረም፤ እኔን ነው።

አስተረጎምኩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስናገር እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፣ እሷ ግን ገብቷታል።

«ትክክል ነው» አለች። «መጠየቅ ነበረብን። ሥርዓቱ ራሱ ሠራተኛውን ጠይቁ ይላል። እኔ የጠየቅሁት ስለ ማሽኖቹ ብቻ ነው።» ይቅርታ የሚለውን ቃል እሷው በቀጥታ ለእሳቸው ተናገረችው፤ እሱን ማስተርጎም አላስፈለገኝም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ማሽናቸው ዞሩ።

ከዶኩ አጠገብ አሮጌ የመሣሪያ ዕቃ ቤት አለ። ቱቦው በጣሪያው ሥር ያልፋል። ኢንጂነሯ በዚያው ሳምንት ወሰደችኝና ወደ ላይ አመለከተች። «እዚህ ጋ ብንቀደው?» አለች። ተሰብሮ የተጣለውን ዕቃ አወጣን፣ ግድግዳውን ቀለም ቀባሁት፣ ቱቦውን በልኩ ቀድጄ የሚከፈትና የሚዘጋ ቆርቆሮ ገጠምኩበት። አጠገቡ የእጅ መታጠቢያ ስለነበረ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእም ተመቸ። ሥራውን ከመጀመራችን በፊት፣ ጋሼን አምጥታ የትኛው ወገን ነፃ እንዲሆን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዞረው የሚሰግዱበትን አቅጣጫ አሳዩን። እዚያ በኩል ሊገባ የነበረውን መደርደሪያ ወደ ሌላው ግድግዳ አዞርነው።

ክፍሉ የእሳቸው ብቻ አልሆነም። ጓንቱም ምሳውም ወደዚያ ተዛወረ። ሰዎቹ በመካከላቸው ሰዓት ተካፈሉ፤ እንዴት እንደተካፈሉ ማንም ከቢሮ ጣልቃ አልገባም።

ኦዲተሩ ሲመጣ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎት ሄደ። ዕቃ ቤቱ ጋ ደርሶ ቆርቆሮዋን አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ሙቀት ያባክናል ይለናል ብዬ ፈራሁ።

«የሠራተኛ ክፍል ማሞቂያ ነው» አለች ኢንጂነሯ። «ዕቅዱ ውስጥ ገብቷል።»

ኦዲተሩ እሺ ብሎ አለፈ። ከዚያ አንድ አየር የሚያፈስ መገጣጠሚያ አግኝቶ ስለ እሱ ረጅም ጊዜ አወራን። ፈተናውን አለፍን። ሥራ አስኪያጁ ፒዛ አስመጣ፤ ሰው በላና ወደየማሽኑ ተመለሰ።

ጋሼ ግን በባስ መሄዳቸውን አልተዉም። እኔም ኑ አላልኳቸውም፤ ጥያቄው ራሱ ሌላ ጫና የሚሆንባቸው መስሎኝ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከባድ በረዶ ጥሎ ባሱ ዘገየ። ፌርማታው ላይ አንገታቸውን ቀብረው ቆመው አየኋቸውና መኪናውን አስጠጋሁ። በሩን ከፍተው ገቡ። ጫማቸውን ወደ ውጭ አራገፉ። የመስታወት መጥረጊያውን አስነሳሁና ተንቀሳቀስን።

«ሴቷ ልጄ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ቤት ይዛለች» አሉ በኋላ። «ና ከእኛ ጋር ኑር ትለኛለች። ልጆቹን እንድጠብቅላት።»

«ምን አሰቡ?»

«እግሬም ደክሟል። ሳልሄድ አልቀርም።»

«ፋብሪካውስ?»

«ፋብሪካው ምን ይሆናል።»

እስኪሄዱ ድረስ ባሉት ወራት አብረን ሄድን። ስለ ክፍሉም፣ ስለዚያ ቀን መኪና ውስጥ ስለተባለውም አንድም ቀን አላነሳንም። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወይም በረዶው አስገድዷቸው ለምደውት ይሁን፣ አላወቅሁም። ለማወቅ የሚቻል ከሆነም የምጠይቅበትን መንገድ አላገኘሁም።

አሁን አልፎ አልፎ ይደውላሉ። ባለፈው ሲደውሉ ስለ ማሽናቸው ጠየቁኝ። የዘንድሮው የኢነርጂ ዕቅድ ላይ የተያዘው እሱ ስለነበረ፣ አውጥተን በአዲስ ተክተነዋል። በዘይት ግፊት ሳይሆን በሞተር ብቻ የሚሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሚበላውም ከቀድሞው ያነሰ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ድምፁስ እንዴት ነው?» አሉ።

«ብዙም አይሰማም።»

ከስልኩ ወዲያ በኩል የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቁ ነበር። ጋሼ ዞር ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸውና ወደ እኔ ተመለሱ።

«ማን ነው የሚሠራበት?»

«ያቺ ጓንት ታደርቅ የነበረችው።»

«ጥሩ ሠራተኛ ናት» አሉ። ሰላም በልልኝም አሉኝ፤ በማግስቱ አደረስኩላት።